እጅ መንሻውና ችሎቱ፦ የደሃ ሰው ፍርድ ከነጃሺ ዘመን እስከ ከሚሴ

ቢስሚላሂ አር-ራሕማኒ አር-ራሒም



በሀገራችን የኢስላም ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ችሎት ነው። የነጃሺን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ግን የስደት፣ የእንግዳ ተቀባይነትና የደግነት ታሪክ ሆኖ ነው። ዛሬ እስኪ እንደ ፍርድ ታሪክ እናንብበው። ከዚያም ወደ ራሳችን ቀዬ፣ ወደ ወሎና ወደ ከሚሴ እንመለስና ደሃው፣ ቋንቋው የማይሰማለትና ወገን የሌለው ሰው በየዘመኑ ዳኛ ፊት ሲቆም ምን ይገጥመው እንደነበር እንይ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡት።

1. ስጦታ ይዘው የመጡት ከሳሾች

እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የመካ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። ታሪኩን የምታወራልን እዚያው የነበረችው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት። እርሷ እንደምትነግረን መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በዚያ ዘመን ተወዳጅ የነበረውን የመካ ቆዳ ይዘው መጡ። ንጉሡን ከማግኘታቸው በፊት በቤተ መንግሥቱ ያሉትን ጳጳሳትና ሹማምንት አንድ በአንድ እየዞሩ ለእያንዳንዳቸው ድርሻውን ሰጡ።

እኛ በሀገራችን ቋንቋ ይህን እጅ መንሻ እንለዋለን። ከእጅ መንሻው ጋር የቀረበውን ጥያቄ ደግሞ ልብ በሉት። ጥያቄያቸው "ፍረዱልን" የሚል አልነበረም። ስደተኞቹ ቃላቸውን ሳይሰጡ፣ ንጉሡ ሳያነጋግራቸው ተላልፈው እንዲሰጧቸው ነበር የፈለጉት። ክርክር ከተከፈተ እንደሚሸነፉ ዐምር ያውቃል። ስለዚህ ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ነገሩን ሊጨርሰው ፈለገ።

ሹማምንቱ የተባሉትን አደረጉ፤ "ወገኖቻቸው ያውቋቸዋል፣ አሳልፈህ ስጣቸው" ብለው መከሩ። ነጃሺ ተቆጣ። ወደ እኔ የተጠጉ ሰዎችን ጠርቼ ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ተነሥቶ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየም ቀራ። በነጋታው ዐምር ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ፤ ነጃሺም ዳግመኛ አስጠርቶ ሰማቸው። በመጨረሻ ስጦታው ሁሉ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። አላህ መንግሥቴን ሲመልስልኝ ከእኔ ጉቦ አልወሰደም፣ እኔስ እንዴት እወስዳለሁ የሚል ምክንያትም ሰጠ።

ይህን ታሪክ አስተውሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይይዛል። ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚዛባው ዳኛው ሲናገር አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው። ማን ተሰማ? በማን ቋንቋ ተሰማ? በማን ገንዘብ ቀረበ? ማን ወገን አለው? ከሳሾቹ ሀብታም ነበሩ፣ የሚያውቋቸው ሹማምንት ነበሯቸው። ተከሳሾቹ ደሃ፣ ስደተኛ፣ ባዕድ ቋንቋ ተናጋሪ ነበሩ። ነጃሺ ያደረገው ሕግ መጻፍ አይደለም። በገንዘብ ሊዘጋ የነበረውን በር ከፍቶ ሁለቱንም ወገን ሰማ።

2. በዲናችን ዳኛ ፊት ትልቅ የለም

ይህ ሐሳብ በቁርኣንና በሱና የጸና ነው። በመካ ፈትሕ ጊዜ ከበኒ መኽዙም የተከበረ ጎሳ የሆነች ሴት ሰረቀች። ዘመዶቿ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ.) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጅግ ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች የጠፉት ባለ ክብሩ ሲሰርቅ እያለፉት፣ ደካማው ሲሰርቅ ግን ቅጣቱን ስለሚፈጽሙበት መሆኑን ተናገሩ። የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ ፍርዱ እንደማይለወጥ በአላህ ስም ማሉ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል።

ከዚህም የሚያስደንቀው የሱረቱ ኒሳእ ታሪክ ነው። ብዙ ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ከመዲና ሰዎች አንዱ ጥሩር ሰረቀና በአንድ አይሁዳዊ ቤት እንዲገኝ አደረገ። ዘመዶቹ ተሰብስበው ስለ እርሱ ተከራከሩ። አይሁዳዊው ወገን አልነበረውም። ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የወረዱት ያንን አይሁዳዊ ነጻ ለማውጣትና ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንን ለመከልከል ነው። ወገንተኝነት ከሙስሊሙ ጋር ቆመ፣ እውነቱ ከአይሁዳዊው ጋር ነበር፣ ቁርኣንም ከእውነቱ ጋር ቆመ።

ዑመርም (ረ.ዐ.) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በጻፉት የታወቀ ደብዳቤ ዳኛ በፊቱ አመለካከትና በመቀመጫው ሳይቀር ባለጉዳዮችን እኩል እንዲያደርግ አዘዋል። ለምን መቀመጫ? ደሃው ቆሞ ሀብታሙ ተቀምጦ ከተናገረ ደሃው አፉን ከመክፈቱ በፊት ግማሽ ተሸንፏል።

3. በወሎ ዳኛው ማን ነበር?

አሁን ወደ ቀያችን እንምጣ። በድሮው የሀገራችን ሥርዓት ዳኛ የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ባለሙያ አልነበረም። ገዥው ዳኛ ነው፤ ግብር የሚሰበስበው፣ ጦር የሚያዘምተውና ወንጀል የሚፈርደው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሥልጣን ያጣ ወገን የዳኝነቱን ወንበርም አብሮ ያጣል።

በወሎ ለረጅም ዘመን የወረ ሂማኖ ኢማሞች ይገዙ ነበር፤ በዙሪያቸውም ዑለማና ቃዲዎች ነበሩ። በ1870 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ይህ ተለወጠ። ሹመት የያዘ ሙስሊም ወይ ይጠመቃል ወይ ሹመቱን ይለቃል ተባለ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ያሉ ዑለማ ደግሞ እምቢ ብለው ተቃወሙ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ውጤት ስላለው ነው። ከዚያ በኋላ የወሎው ተራ ሙስሊም ገበሬ በወንጀል ሲከሰስ የሚቆመው የእርሱ ሃይማኖት ተከታይ ሊሾምበት በማይችል ወንበር ፊት ሆነ። ኦሮሞ ከሆነ ደግሞ ቃሉን በአስተርጓሚ አፍ ይሰጣል። አርጎባውም እንዲሁ። መሬት የሌለው ከሆነ ችግሩ ሦስተኛ ይሆናል።

4. ውርርድ፣ ዋስ፣ ቁራኛና አፈርሳታ

የድሮው ሙግት መልካም ጎን አልነበረውም አንልም። መንገደኛው ሁሉ "በሕግ አምላክ!" ሲባል ይቆም ነበር፤ ነገር ዐዋቂው በዛፍ ጥላ ሥር ይከራከር ነበር። ግን ሥርዓቱን በደሃው ዓይን እንየው።

ውርርድ ነበር። ተሟጋቹ "በማር"፣ "በበቅሎ"፣ "በብር" እያለ ይወራረዳል። የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍላል። በቅሎ የሌለው ሰው በበቅሎ ሊወራረድ አይችልም። እውነት ቢኖረውም ድምፁ ዝቅ ይላል።

ዋስ ነበር። "ዋስ ጥራ" ሲባል የታወቀ ዘመድ ያለው ይጠራል፤ የሌለው ይታሰራል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ወይም በኩታ ጫፍ የሚተሳሰሩበት ቁራኛም ነበር። ባለ ዕዳውም ከአበዳሪው ጋር ይቆራኛል። ዘመድ ሰብስቦ የከፈለ ይፈታል፤ ደሃው ከሰንሰለቱ ጋር ይኖራል።

ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጡትና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባላል። ማስረጃ የለም፣ ምስክር የለም። የዚያ ቤት ሰው ኃይለኛ ወገን ካለው ያስፈራል፤ ከሌለው ይከፍላል።

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝም ነበር። ወንጀለኛው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ "አውጡ" ይባላል። እስኪገኝ ድረስ መበተን የለም፤ ካልተገኘ ሕዝቡ በሙሉ ይከፍላል። የእርሻ ወቅት ቢሆን፣ ከብት ቢጠፋ ማንም አይሰማም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በአፈርሳታ የሚጠየቀው ያጠፋው ሰው ሳይሆን ሰፈሩ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች" ያሉት በከንቱ አይደለም። ሰው የሚጎዳው በጠፋበት ንብረት መጠን ብቻ አይደለም። ሳይሰማ መቀማቱ ይበልጥ ያቆስለዋል።

5. ቃዲው ቤትና የወንጀሉ ችሎት

ጣሊያን በወረራው ዘመን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አስፋፋ፤ ዓላማው ሕዝብን ከሕዝብ መለየት እንደነበር አይካድም። ከነጻነት በኋላ በ1934 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 12 የቃዲዎችንና የናኢባዎችን ፍርድ ቤት በሕግ አቋቋመ፤ በ1936 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 62 ተካው። ይህ ለሙስሊሙ ትልቅ ነገር ነበር። ሥልጣኑ ግን ጋብቻ፣ ፍች፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ ነው። ወንጀል የለበትም። ስለዚህ የጨፋው ገበሬ ሚስቱን ሲፈታ በሚያውቀው ሕግና በሚያውቀው ቃዲ ፊት ይቆማል፤ በሬ ሰረቅህ ሲባል ግን ወደ ሌላኛው ችሎት ይሄዳል።

ሌላኛው ችሎት በወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ የተያዘው ሰው ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በደንብ ካላወቀ ብቁ አስተርጓሚ ይሰጠው ይላል። ቃል ለመስጠት እንደማይገደድም ይነገረው ይላል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ግን ስንት ነበር? በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ ቋንቋ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተብለው ተደንግገው ነበር። መጥሪያው በአማርኛ ነው፤ ማመልከቻው በአማርኛ ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ለማመልከቻ ጸሐፊው ይከፍላል፣ ለነገረ ፈጁ ይከፍላል፣ ለቀጠሮ መመላለሻ ይከፍላል። የዛሬው ዞናችን ያን ጊዜ ከፊሉ በወሎ፣ ከፊሉ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበር ይግባኙ የሚሄድበት ከተማም እንደየቀበሌው የተለያየና ሩቅ ነበር።

ገጠር ውስጥ ያለው አጥቢያ ዳኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬቱ ባለቤት ወይም የእርሱ ሰው ነበር። ጢሰኛ ባለ መሬቱን ለባለ መሬቱ ዘመድ እንዴት ይከሰዋል? "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው ተረት ለጢሰኛው ከንጉሡ ወርዶ እስከ ጭቃ ሹሙ ድረስ ይሠራል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ከ100,000 በላይ ሰው ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞቻችንም አብረው ነበሩ። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የመሬት ባለቤትነትና ሙስሊሙ በመንግሥት ሥራ እኩል መሳተፉ ነበሩበት። "በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች" መባሉ ቀርቶ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንባል የሚለውም ነበር። ይህ የመጨረሻው የስም ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን እንደ እንግዳ የሚቆጠር ሰው ችሎት ፊትም እንደ እንግዳ ነው የሚቆመው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጢሰኝነትን አስቀረ። በእኔ ግምት ለደሃው ገበሬ ፍርድ ከብዙ የፍርድ ቤት አዋጆች ይልቅ ይህ ጠቅሟል፤ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ በሌላው መሬት ላይ የሚኖር መሆኑ ቀርቷልና። ደርግ ግን ራሱ ያለ ፍርድ ስንቱን እንደበላ የምናውቀው ነው።

6. ቋንቋው ገባ፣ ገንዘቡስ?

ከ1984 በኋላ ነገሮች በእኛ አካባቢ ጎልተው ተለወጡ። በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተመሠረተ፤ መዲናውም ከሚሴ ሆነች። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። አፋን ኦሮሞ የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሆነ። አባቱ በአስተርጓሚ አፍ የተከሰሰበት ልጅ በገዛ ቋንቋው ቃሉን መስጠት ቻለ። ይህን ለውጥ ትንሽ ነው የሚል ሰው በማያውቀው ቋንቋ ተከሶ አያውቅም። እርግጥ ክልሉ የሚሠራው በአማርኛ ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ የትርጉም ነገር እንደገና ይነሣል። በዞኑ የሚኖረው አማርኛ ወይም አርጎብኛ ተናጋሪ ጎረቤታችንም ያንኑ የአስተርጓሚ መብት ከእኛ መጠየቁ ተገቢ ነው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ግልጽ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የመንገዱ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጣል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል። አንቀጽ 25 በዘር፣ በሃይማኖት፣ በሀብት ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል።

የቋንቋው በር ተከፈተ፤ የገንዘቡ ግን አሁንም ጠባብ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ክስ የተያዙ ሁለት ወጣቶችን አስቡ። አንዱ አባቱ ነጋዴ ነው፤ የዋስትናው ገንዘብ በዚያው ቀን ተከፍሎ ቤቱ ያድራል። ሥራው አይስተጓጎልም፣ ምስክሮቹን ይሰበስባል፣ ጠበቃ ያማክራል። ሌላው የጉልበት ሠራተኛ ነው። የዋስትና መብት ተፈቅዶለታል፤ ገንዘቡ ግን የለም፣ ደመወዝተኛ ዋስ የሚሆነው ዘመድም የለውም። እናቱ ስንቅ ታመላልሳለች። ምስክሮቹን የሚፈልግለት የለም። ሁለቱ በመጨረሻ አንድ ዳኛ ፊት ቢቆሙም እኩል አልደረሱም። ዳኛው ፍጹም ቀና ሰው ቢሆን እንኳ ልዩነቱ ከእርሱ በፊት ተሠርቷል። ስለዚህ ነው የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተያዘው ሰውና የዋሱ አቅም እንዲታይ የሚያዘው።

7. ድህነት ራሱ ወንጀል ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሕጉ ራሱ ወደ ደሃው ያዘነብላል። በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ አዋጅ አንዱ መለኪያ ሰውየው የመሥራት አቅም እያለው የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑ ነው። በዚህ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። ሰላማዊ ሰውን ከሚያስጨንቅ ወሮበላ መጠበቅ ትክክል ነው። ግን ሥራ ያጣ ወጣት በሚበዛበት ከተማ እንዲህ ያለው መለኪያ በመጀመሪያ የሚያየው ማንን ነው? ባለ ሱቁን ልጅ አይደለም።

ይህ የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ባርነት ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 እና በ1866 የደቡብ ግዛቶች "ብላክ ኮድስ" የሚባሉ ሕጎችን አወጡ። ሥራ የሌለው ጥቁር "ቦዘኔ" ተብሎ ይያዛል፤ ቅጣቱን መክፈል ካልቻለ ለነጭ ባለ እርሻ እንዲሠራ ይሰጣል። ማልኮም ኤክስንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1946 በስርቆት ከ8 እስከ 10 ዓመት ተፈረደበት። በቤት ሰርሳሪነቱ አጥፍቷል፤ እርሱም አልካደም። ነገር ግን ቅጣቱ የከበደው ከነጭ ሴቶች ጋር በመታየቱ ጭምር እንደሆነ ያምን ነበር። ጥፋተኛ ሰው መብት የለውም የሚል ካለ ይህን ያስብ፦ ጥፋተኛም ቢሆን የሚገባው ለጥፋቱ መቀጣት ነው፣ ለቆዳው ቀለም መቀጣት አይደለም።

የእኛ ትውልድም የራሱን አይቷል። የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና አብረዋቸው የተከሰሱት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ለዓመታት በችሎት ተመላልሰው በ2007 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተፈቱ። ያ አዋጅ ዋስትናን ይከለክል፣ ለምርመራ ብቻ እስከ 4 ወር ማቆየትን ይፈቅድ ነበር። በ2012 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። እነርሱን ብዙ ሰው አወቃቸው፣ ብዙ ሰው ዱዓ አደረገላቸው፣ ጠበቃም ቆመላቸው። ስሙን ማንም የማያውቀው እስረኛስ?

8. ሰውየው ወይስ ሰፈሩ?

ወደ አፈርሳታው ልመለስ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። የሞተው ኦሮሞም አማራም ነው፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አፍ ላይ የቆየው ጥያቄ "ማን ገደለ?" አልነበረም፤ "የማን ወገን ገደለ?" ነበር። ይህ አፈርሳታ ነው፤ ያውም ዳኛ የሌለበት አፈርሳታ። ሰው በስሙ፣ በንግግሩ ዘዬ ወይም በመጣበት ቀበሌ ሲጠረጠር፣ ሲፈተሽ፣ ሲታሰር ቁርኣን ያስተማረን መሠረት ይፈርሳል፤ ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምምና።

ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። የእኔ ወገን ስለሆነ ብቻ ገዳይን የሚደብቅ ሰው የበኒ ኡበይሪቅን ዘመዶች ሥራ ነው የሚሠራው፤ የሱረቱ ኒሳእ አንቀጾች የወረዱባቸው እነርሱ ናቸው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሳያጣራ "እነ እገሌ ናቸው" የሚል ደግሞ ሌባ ሻይ ጠጥቶ የወደቀበትን ቤት ሁሉ የሌባ ቤት እንደሚል ልጅ ነው።

አካባቢያችን ለዚህ የራሱ መድኃኒት እንዳለው አንርሳ። አባጋሮች በኦሮሞ፣ በአማራ፣ በአርጎባና በአፋር መካከል ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። በከሚሴ አቅራቢያ ባለው ጥሩ ሲናም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነገሩን ይዞ ሲመጣ ኖሯል። ሽምግልናው ከፍርድ ቤት የሚበልጥበት ነገር አለው፦ በሚገባን ቋንቋ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ተቀያሚዎችን መልሶ ጎረቤት ያደርጋል። ድክመትም አለው። ሽማግሌው ለባለ ሀብቱ ካደላ ይግባኝ የለውም፤ የሴቷ ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማበትም። ስለዚህ ሽማግሌም የነጃሺ መለኪያ ይገባዋል፤ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ፣ እጅ መንሻውንም ሳይመልስ አይፍረድ።

9. እኛ ምን እናድርግ?

ታሪክ አንብቦ መቆጨት ብቻውን አይጠቅምም። እያንዳንዳችን አቅማችን የሚችለው ነገር አለ።

አንደኛ፣ መብታችሁን እወቁ። 48 ሰዓት፣ በሚገባ ቋንቋ መነገር፣ ቃል ለመስጠት አለመገደድ፣ ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ። እነዚህን አራት ነገሮች ለእናትህ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስረዳት ካልቻልክ ገና አላወቅካቸውም።

ሁለተኛ፣ የዋስትና ገንዘብ ነገር። ተከሳሹ በቀጠሮው ከቀረበ ገንዘቡ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። ማለትም አንድ ጀመዓ ጥቂት ገንዘብ ለዚህ ቢያስቀምጥ ያው ገንዘብ ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሆናል። ከሶደቃ ይሁን ወይስ ከሌላ የሚለውን ዑለሞቻችንን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ እስረኛ ጠይቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛው ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ሌላ ከሃይማኖት አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። ይህ በር ለእኛ ለመስጊድ አገልጋዮች የተከፈተ ነው፤ በብዛት አልገባንበትም። ጠያቂ ያለው እስረኛና ጠያቂ የሌለው እስረኛ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ ጉቦ አትስጡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። "ለመብቴ ነው የሰጠሁት" የሚል አለ፤ ግን አንተ የሰጠኸው ከአንተ ቀጥሎ ለቆመው ደሃ ዋጋውን ያስወድድበታል።

አምስተኛ፣ መስክሩ። በቤተሰባችሁ፣ በጎሳችሁ፣ በራሳችሁ ላይ ቢሆንም። ሱረቱ ኒሳእ 135ን ክፈቱና አንብቡት፤ ሀብታም ቢሆን ደሃ ቢሆን ይላል። ለደሃው አዝኖ በውሸት መመስከርም እንደተከለከለ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ስድስተኛ፣ ሕግ ተማሩ። ከሚሴና ባቲ የወጡ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ያስደስቱናል። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በአርጎብኛ ለደሃው መቆም የሚችሉ ጠበቆችና ዳኞችም ያስፈልጉናል። እህቶቻችንም ጭምር።

ነጃሺ ሲሞት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሩቅ ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱበት። የዚያ ዳኛ ሀገር ልጆች ነን እያልን እንኮራለን። ኩራታችን እውነት የሚሆነው ስጦታ ይዞ የመጣው ሰው ከሳሽ፣ ምንም የሌለው ሰው ተከሳሽ በሆነበት ቀን ሁለቱንም እኩል ስንሰማ ነው። ያ ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በቤታችን፣ በሱቃችንና በመስጊዳችን ግቢም ይመጣል።

አላህ ፍትሕን ከሚያቆሙት ያድርገን። በግፍ የታሰሩትን ያስፈታልን፣ የበደሉትን ወደ ተውበት ይመልስልን፣ በአካባቢያችን ሰላምን ያውርድልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጆቻችሁ አድርሱ፤ በተለይ ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ አንብባችሁ አስረዷቸው።